የሁለት ሆርሞኖች ቅደም ተከተል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ሴት ሆርሞን ሊናገር ሲነሣ «አንተን ምን አገባህ?» መባሉ አይቀርም። ያገባኝ በአክስቴ ምክንያት ነው። የወር አበባቸው ከተቋረጠ በኋላ ሰውነታቸው እየጋለ፣ ላብ እያጠመቃቸው ሌሊት እንቅልፍ ቢያጡ ሐኪም ሁለት ዓይነት እንክብል አዘዘላቸው። አንደኛው ኤስትሮጅን፣ ሁለተኛው ፕሮጄስትሮን ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ስጠይቃቸው ሁለተኛውን ትተውታል። «ያዞረኛል፤ ደግሞም ያሻለኝ የመጀመሪያው ነው። አንተ ኢንጂነር አይደለህም እንዴ? ለአንድ ወፍጮ ሁለት ሞተር ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ለምን ሁለት እንደ ሆኑ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም በዚያ ቀን መልስ አልነበረኝም።

መልሱ በቅደም ተከተሉ ውስጥ ይገኛል። በየወሩ ዑደት ቀድሞ የሚበረታው ኤስትሮጅን ነው። ወደ ሕዋሱ ዘልቆ «ተቀባይ» ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ይጣመርና በአስኳሉ ውስጥ ባለው ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ያርፋል፤ በዚህም የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ሕዋሶች ይባዛሉ፣ ሽፋኑም ይወፍራል። በዚሁ ጊዜ ኤስትሮጅን የፕሮጄስትሮንን ተቀባይ በብዛት እንዲሠራ ያዝዛል። ስለዚህ ኤስትሮጅን ባላዘጋጀው ሽፋን ላይ ፕሮጄስትሮን ቢበዛም የሚሰማው ተቀባይ ጥቂት ነው።

እንቁላሉ ከወጣ በኋላ በስፍራው የሚቀረው ቢጫ አካል ፕሮጄስትሮንን ያመነጫል። ከዚህ አካል የተገኘው ጭማቂ የጥንቸልን ማኅፀን ለእርግዝና እንደሚያሰናዳ ኮርነርና አለን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1929 አሳይተዋል። ፕሮጄስትሮን መባዛቱን ያስቆማል፤ ዕጢዎቹም ለጽንስ ምግብ የሚሆን ፈሳሽ እንዲያመነጩ ያደርጋል። ከዚያም የኤስትሮጅንን ተቀባዮች ቁጥር ይቀንሳል፤ ብርቱውን ኤስትሮጅን ወደ ደካማ ዓይነት የሚለውጠውን ኤንዛይም ያበዛል። የኤሌክትሪክ ባልደረቦቼ ይህን ያውቁታል፦ ሁለተኛው ማብሪያ የሚሠራው የመጀመሪያው ሲበራ ብቻ ነው፤ ሠርቶ ሲያበቃ ግን የመጀመሪያውን ያጠፋዋል። የአክስቴ ሁለተኛ እንክብል ሞተር ሳይሆን ፍሬን ነበር።

ፍሬኑ ሲጎድል የሚሆነውን ለማወቅ ዋጋ ተከፍሎበታል። በአሜሪካ ለብዙ ሴቶች ኤስትሮጅን ብቻውን ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጡ ሁለት ጥናቶች በእነዚህ ሴቶች ላይ የማኅፀን ሽፋን ካንሰር ከ4 እስከ 7 እጥፍ ገደማ በዝቶ መገኘቱን ገለጹ። ማኅፀን ላላቸው ሴቶች ሁለተኛው ሆርሞን እንዲጨመር የተደረገው ስለዚህ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እኛ መሐንዲሶች ደስ ይለን ነበር። ዳሩ ግን ፍሬን ያልነው በጡት ውስጥ ፍሬን አይደለም። የጡት ዕጢ ሕዋሶች ይበልጥ የሚባዙት ፕሮጄስትሮን በሚበረታበት የዑደቱ አጋማሽ ነው። ተቀባይ ያለው ሕዋስ ተቀባይ ለሌለው ጎረቤቱ መልእክት ልኮ ያባዛዋል። በአሜሪካ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ታላቅ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2002 በአማካይ ከ5.2 ዓመት በኋላ እንዲቋረጥ ተደረገ። በየዓመቱ ከ10,000 ሴቶች መካከል ሁለቱን መድኃኒቶች ከወሰዱት 38፣ ካልወሰዱት 30 የጡት ካንሰር ታይቶባቸዋል። ማኅፀናቸው ወጥቶ ኤስትሮጅን ብቻ በወሰዱት ዘንድ ግን ይህ ጭማሪ አልታየም። እርግጥ በሙከራው የተሰጠው የፕሮጄስትሮን ሰው ሠራሽ ዘመድ እንጂ ራሱ ፕሮጄስትሮን አልነበረም፤ ልዩነቱ ቀላል አይመስለኝም። ይሁንና አንድን ክፍል ከተገጠመበት መሣሪያ ነጥሎ «ሥራው ይህ ነው» ብሎ የመናገር ልማዴን አናግቶብኛል።

አክስቴ ማኅፀናቸው አለ። ወደ ሐኪማቸው ወሰድኋቸው። ሁለተኛውን እንክብል ማታ ሊተኙ ሲሉ እንዲውጡት ታዘዙ፤ ማዞሩን በእንቅልፍ ያሳልፉታል። ለጡታቸው ምርመራም ቀጠሮ ተያዘላቸው። ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ፍሬኑ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ያን ጊዜ ፍሬን ነው ብትሉኝ መቼ እተወው ነበር?» አሉኝ።