ወላጅ በትምህርት ቤት ጉባኤ



ፊደል መለየት ያቃተው፥ መስማት ያዳገተው፥ ወይም ከጓደኞቹ ጋራ መግባባት የተሳነው ልጅ ያላቸው ወላጆች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ጥሪ ይደርሳቸዋል። ብዙዎቹም ክስ እንደ ተመሠረተበት ሰው አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ፤ የተባሉትን ሰምተው፥ ፈርሙ በተባሉበት ፈርመው ይመለሳሉ። ዛሬ ላስገነዝባችሁ የምሻው፥ ወላጅ በዚያ ጉባኤ ተከሳሽም እንግዳም አለመሆኑን ነው።

እናንተ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፥ ያላነበባችሁት ቃለ ጉባኤ ቢቀርብላችሁ አትፈርሙም። በቃል የተነገረ ተስፋም በጽሑፍ ካልሰፈረ ማስረጃ እንደማይሆን ታውቃላችሁ። ታዲያ ለአንድ ደብዳቤ የምታደርጉትን ጥንቃቄ ለልጃችሁ ስለምን ትነፍጉታላችሁ?

ለምሳሌ ያህል፥ ብዙ ወገኖቻችን ልጆች የሚያሳድጉባትን የአሜሪካን ሥርዓት እንመልከት። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ሕግ የተጣለ ሲሆን፥ ለልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣው ጉባኤ ወላጁን በአባልነት ይይዛል። ልዩ ትምህርቱ መጀመሪያ የሚሰጠው ወላጁ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ዕቅዱም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንደገና ይታያል። ወላጁ እንግሊዝኛ የማይችል እንደሆነ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ ልጁን በሚገባ የሚያውቅ ሌላ ሰውም ይዞ ለመግባት ይችላል። ዳሩ ግን በእኛ ዘንድ መምህርን ማክበር ዝም ብሎ መስማት ስለሆነ፥ ይህ ዝምታ በዚያ እንደ ስምምነት ሊቆጠር ይችላል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ስታጸድቅ፥ እነዚህ ልጆች በጉዳታቸው ምክንያት ከጠቅላላው ትምህርት እንዳይገለሉ ግዴታ ገብታለች። ይሁን እንጂ በብዙ ትምህርት ቤቶች በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ መምህር ይጎድላል። የሠለጠነ ዓይን በጎደለበት ስፍራ ደግሞ ልጁን ሌትና ቀን የሚያየው ወላጅ የሚሰጠው ምስክርነት ከምንጊዜውም ይበልጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወደ ጉባኤው ከመሄዳችሁ በፊት ልጁ የሚችለውን፥ የሚያቅተውን፥ ችግሩ ከመቼ ጀምሮ እንደታየና ምን እንደሚረዳው በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። የሐኪም ማስረጃ ካለ ግልባጩን ያዙ። ከገባችሁም በኋላ፥ ድጋፉ ምንድን ነው? ማን ይሰጠዋል? በሳምንት ስንት ጊዜ? ውጤቱስ መቼ ይታያል? ብላችሁ ጠይቁ። «እንረዳዋለን» የሚለው ቃል መልካም ቢሆንም መልስ አይደለም፤ «በሳምንት ሦስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ንባብ ይለማመዳል» የሚለው ግን መልስ ነው። ያልገባችሁ ነገር ካለ ለማሰብ ቀን ለምኑ፤ የተወሰነውን ጽሑፍ ግልባጭም ሳትቀበሉ አትውጡ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ቁጣ አያስፈልግም፤ ብዙ ተማሪ የያዘ መምህር ረዳት እንጂ ባላጋራ አይሻም።

ልጅን ከጎረቤት ዓይን መሸሸግ ጊዜውን ይበላበታል እንጂ ችግሩን አያስወግድለትም። ከመዝገብ ቤት የጠፋ ፋይል ተፈልጎ ይገኝ ይሆናል፤ ያለፈ የልጅነት ዓመት ግን ተመልሶ አይገኝም።