የቤታችን ካርታ በማን ስም ነው?

አዘጋጆቹ ስለ ንግድ እንድንናገር ጠይቀውን ነበር። እኛ ግን ሱቃችን ውስጥ ዕለት ዕለት የምንሰማው ጭንቀት ሌላ ሆነና ስለ ቤት ለመናገር ፈቃድ ጠየቅን። ጠበቆች አይደለንም፤ ነጋዴዎች ነን። የምንናገረውም ጠይቀን የተረዳነውን ነው።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አንድ እምነት አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ይሰፍራል። ስለዚህ ካምፓላ ላይ ቤት ስንገዛም «በማንም ስም ይሁን፣ የሁለታችን ነው» እንላለን።

እዚህ እንደዚያ አይደለም። የኡጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በሰጠው ፍርድ፣ መጋባት ብቻውን ንብረትን እኩል እንደማያካፍልና የእያንዳንዱ አስተዋፅኦ እንደሚታይ አስረድቷል። ቤት ማስተዳደርና ልጅ ማሳደግም አስተዋፅኦ ነው፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሚስት ይህን የምታስረዳው ከተጣሉ በኋላ፣ ጠበቃ ከፍላ፣ ችሎት ቆማ ነው። ስሟ ካርታው ላይ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ!

በጋራ ስም ማስመዝገብም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጆይንት ቴናንሲ የሚሉት ነው፤ ድርሻ አይለይም፣ አንዱ ሲሞት ቤቱ በሙሉ በሕይወት ላለው ይሆናል። ኑዛዜ እንኳ ይህን አይለውጠውም። ሁለተኛው ቴናንሲ ኢን ኮመን ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ ይጻፋል፣ የሟች ድርሻም ለወራሾቹ ይተላለፋል። ባልና ሚስት ብቻ ከልጆቻቸው ጋር ሲሆኑ የመጀመሪያው ይበጃል እንላለን። ከቀድሞ ጋብቻ አዲስ አበባ የቀሩ ልጆች ካሉ ግን ሁለተኛው ይሻላል፤ አለዚያ እነዚያ ልጆች ከቤቱ ምንም ላይደርሳቸው ይችላል።

ከመካከላችን አንዲት እህት የደረሰባትን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ቤቱ ድርሻ ሳይለይ በባሏና በንግድ ሸሪኩ ስም ተመዝግቦ ነበር። ባሏ ሲያርፍ ሸሪኩ ብቸኛ ባለቤት ሆነ። እሷ ከነልጆቿ ለዓመታት የኖረችበት ቤት ነው። ሽማግሌዎች ገብተው ጥቂት ገንዘብ አገኘች፤ ቤቱ ግን ሄደ።

የውጭ ዜጋ የሆንን መሬት በሊዝ ብቻ፣ ቢበዛ ለ99 ዓመት ነው የምንይዘው፤ ማይሎና ፍሪሆልድ አይፈቀድልንም። ይህን ለማምለጥ ቤቱን በኡጋንዳዊ ወዳጅ ስም የሚያስመዘግቡ አሉ። ወዳጁ ደግ ሰው ይሆናል፤ ልጆቹስ? በኤል ሲ ደብዳቤ ብቻ የሚገዙም አሉ። ደብዳቤው ካርታ አይደለም፤ በመሬት ጽሕፈት ቤት ሰርች ሳይደረግ ገንዘብ አይከፈል።

በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፤ ቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤት ያለ ትዳር ጓደኛ ስምምነት መሸጥም ሆነ ለባንክ ማስያዝ የመሬት ሕጉ ይከለክላል። የትዳር ጓደኛም ካርታው ላይ ካቪያት ማስመዝገብ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ትዳሩን ጠረጠረ አይባልም።

ለዚህ ሁሉ ግን መጋባታችሁን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። በእኛ ባህል ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሁለቱን ስሞች አይቶ ወንድምና እህት ናችሁ ወይ ይላል! የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን አስተርጉማችሁ አረጋግጡ፤ ስማችሁም ከፓስፖርታችሁ ጋር በፊደል እንኳ እንዳይለያይ ተጠንቀቁ። ከምሳ በኋላ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን፤ የካርታችሁን ቅጂ ይዛችሁ ኑ፣ ባልና ሚስት አብራችሁ።