የተንገዳገደ ሁሉ አልሰከረም
(በሠፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ንግግራችንን የምንጀምረው የራሳችንን ጥፋት በመናዘዝ ነው። አንድ አባት ከእድር ድንኳን በር ላይ ተንገዳግደው ሲወድቁ «ዛሬማ ቀምሰዋል» ብለን ስቀናል። እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ ከደጃቸው አልወጡም። ኋላ እንደተረዳነው ግን የጣላቸው መጠጥ ሳይሆን ፓርኪንሰን የተባለው በሽታ ነው።

ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1817 ዓ.ም. ጽፎ ያስታወቀው ጀምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ነበር። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ቅመም የሚሠሩት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውነት ይገተራል፤ እርምጃ ያጥራል፤ ሚዛንም ይጠፋል። ሕመምም አለው። አንዳንዱን ትከሻው ላይ ይጀምረውና «ቁርጥማት ነው» እየተባለ ወጌሻ ዘንድ ሲመላለስ ይከርማል።

ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ግትርነቱን ያላላል፤ ሚዛንን ግን ብቻውን አይመልስም። ስለዚህ ልምምድ ያስፈልጋል። ካርሎ ፔርፌቲ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም የአንጎል ጉዳት ላገኛቸው ሰዎች የነደፈው ዘዴ በኋላ ለፓርኪንሰን ሕሙማንም ተሞክሯል። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከእግሩ ሥር ለስላሳና ጠንካራ ስፖንጅ እየተቀያየረ ይደረግለታል፤ «የቱ ይለሰልሳል? ክብደትህስ ወዴት አጋደለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ቁም ነገር አለው፤ ይኸውም ሰውነት በልማድ ይሠራው የነበረውን አሁን በማስተዋል እንዲሠራው ነው። በሽታውን አያድንም፤ ልምምዱም በባለሙያ መሪነት ይጀመር።

ከእኛ ከጎረቤቶች የሚፈለገው ግን ቀላል ነው፦

1ኛ/ እግራቸው መሬት ላይ ተጣብቆ ሲቀር እጃቸውን ይዘን አንጎትት። ቆም ይበሉ፤ «አንድ፣ ሁለት» እንበልላቸው፤ ወይም መሬት ላይ መስመር አሳይተን ይሻገሩት።

2ኛ/ ሲራመዱ ወሬ አንጀምርባቸው፤ ሐሳባቸው እርምጃቸው ላይ ይሁን።

3ኛ/ ቤተሰብ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ያንሣ፤ መድኃኒቱም ሰዓቱን ይጠብቅ።

በመጨረሻም፣ በመጪው እሑድ ከቀትር በኋላ እኒያን አባት ቤታቸው ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን። ለሚቀጥለው የእድር ስብሰባም ደግፈን እናመጣቸዋለን፤ ወንበራቸው ከበሩ አጠገብ ይጠብቃቸዋል።