መንገዱ ለማን ተሠራ?

(ለጎልማሶች የንባብ ክበብ የተደረገ ንግግር)



በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በገበያም ሆነ በለቅሶ ቤት፣ የጣሊያን ዘመን ሲነሣ አንድ ነገር ሳይባል አይቀርም። «ጣሊያን ክፉ ነበር፤ ቢሆንም መንገድ ሠርቶልን ሄዷል እኮ!» ይባላል። አንዱ ይስማማል፤ ሌላው ይቆጣል። ክርክሩ ሳያልቅ ገበያው ይፈታል። እኛም ዛሬ ይህን ክርክር ከሥሩ እንየው ብለን ተነሥተናል።

ነገሩን ከመጀመሪያው እንያዘው። አውሮፓውያን አገራቸውን ጥለው አፍሪካ ድረስ ምን አመጣቸው?

በአውሮፓ ፋብሪካ በተስፋፋ ጊዜ ባለፋብሪካዎቹ ሦስት ነገሮች አስፈለጓቸው። አንደኛ፣ ጥሬ ዕቃ። ሁለተኛ፣ ሸቀጣቸውን የሚያራግፉበት ገበያ። ሦስተኛ፣ ርካሽ ጉልበት። ይህን ለማግኘት የሰውን አገር በጦር ኃይል ይዞ መበዝበዝ ኢምፔሪያሊዝም ይባላል። በ1877 ዓ.ም. አሥራ አራት መንግሥታት በርሊን ከተማ ላይ ተሰብስበው አፍሪካን የሚቀራመቱበትን ደንብ አወጡ። ከአፍሪካ ግን አንድም ሰው አልተጠራም። ባለርስቱ በሌለበት ርስቱን ተካፈሉት ማለት ነው።

ውጤቱስ ምን ሆነ? በኮንጎ የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ ሕዝቡን ጎማ እያስለቀመ በለጸገ። የታዘዘውን ያህል ጎማ ያላመጣ መንደር ይቃጠል፣ ሰው ይገደል፣ እጅ ይቆረጥ ነበር። በጎረቤታችን በሱዳን ደግሞ እንግሊዞች በአባይ ላይ የሰናርን ግድብ ሠሩ። ግድቡ በ1917 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በውሃውም በገዚራ ሜዳ ጥጥ አለሙ። ጥጡ ግን የሱዳንን ገበሬ ሊያለብስ አልነበረም፤ ለእንግሊዝ አገር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ነበር። እስቲ አስቡት! በርበሬያችሁን አንድ ሰው ብቻ፣ ራሱ በቆረጠው ዋጋ ይግዛችሁ፤ ከዚያም ፈጭቶ በውድ ይሽጥላችሁ። ትከብራላችሁ ወይስ ትደኸያላችሁ?

ወደ አገራችን እንመለስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ ከጣሊያን ጋር ውል ተፈረመ። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ኢትዮጵያ ከፈለገች ከውጭ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ ትችላለች ይላል። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነው። ጣሊያንም በዚያው አመካኝቶ አገሪቱ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለ። ማንበብ የማይችል ሰው በፈረመው ወረቀት እንደሚታለል ሁሉ፣ አገርም በአንድ ቃል ልትታለል ነበር። ተንኮሉ ተነበበና ተገለጠ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ መልስ ተሰጠው።

ጣሊያን ግን ቂሙን አልረሳም። ሙሶሊኒ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩን መረብን አሻግሮ ላከ። የመርዝ ጭስ በጦርነት እንዳይሠራበት የተደረገውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ስምምነት ጣሊያንም ፈርማ ነበር። ይሁንና የመርዝ ቦምብና የመርዝ ጭስ በወታደሩም፣ በገበሬውም፣ በከብቱም ላይ አዘነበች። የዓለም መንግሥታት ማኅበርም ሊያስቆማት አልቻለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል፣ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ወረደ። የተማሩ ወጣቶችም እየተለቀሙ ተገደሉ። ለምን ይመስላችኋል? ወራሪ የሚፈራው ጠመንጃን ብቻ አይደለም፤ ፊደልንም ይፈራል።

በጎጃም ምን ተደረገ? ጣሊያን ገበሬውን ጠመንጃህን አስረክብ አለው። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃ የክብሩና የርስቱ መጠበቂያ ነበር። ስለዚህ አገሩ በ1930 ዓ.ም. በሰፊው ሸፈተ። መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለው፣ በላይ ዘለቀና ሌሎችም አርበኞች ጫካ ገቡ። ገበሬው ስንቅ አቀበለ፤ ሴቶች ቁስለኛ አስታመሙ፣ ወሬ አደረሱ። ብዙ ሳይቆይ ገጠሩ የአርበኛ፣ ምሽጉ የጣሊያን ሆነ።

እንግዲህ መንገዱ እዚህ ላይ ይመጣል። የጣሊያን ምሽጎች የት የት ነበሩ? ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ። ሁሉም በዚያው በመንገዱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተዋል። መንገዱ የተሠራው ገበሬው በቆሎውን ገበያ እንዲያደርስበት ቢሆን ኖሮ፣ በየመናኸሪያው ምሽግ ምን ያደርጋል? የተሠራው ወታደርና ጥይት እንዲመላለስበት፣ ያመፀ አገር ቶሎ እንዲደረስበት ነው። መንገዱ ቀረልን፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሌባ ሲሸሽ ጥሎት የሄደውን መሰላል ስጦታ አንለውም።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ ገቡ። የጌዴዎን ጦር የተባለውን የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ይመራው ነበር። ወታደሮቹ ግን በአብዛኛው ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ይህ ጦርና የጎጃም አርበኞች የቡሬንና የማንኩሳን ምሽጎች አስጨነቁ። ከእነሱ በቁጥር እጅግ የሚበልጠው የጣሊያን ጦር በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቆ ሄደ። በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ተያዘች፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

እንግሊዝ የረዳችን ለእኛ አዝና ነውን? በ1928 ዓ.ም. መርዝ ሲዘንብብን የት ነበረች? የረዳችን ጣሊያን በ1932 ዓ.ም. ጦርነት ስላወጀባት ነው። እርዳታው ጠቅሞናል፤ ምክንያቱን ግን ማወቅ ይገባናል።

የኢምፔሪያሊዝም ጠባሳ ወራሪው ሲሄድ አብሮ አይሄድም። በወረራው ዘመን አንዱ አርበኛ፣ ሌላው ባንዳ ሆኖ ወንድም በወንድሙ ላይ ተኩሷል። ቂሙም ከጣሊያን በኋላ ቆይቷል። አባይንም ተመልከቱ። በ1894 ዓ.ም. እንግሊዝ ከምኒልክ ጋር ባደረገችው ውል፣ የጥቁር አባይን ፍሰት የሚያቆም ሥራ ያለ እሷና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ አስገባች። ሐሳቡ የግብፅንና የሱዳንን የጥጥ እርሻ መጠበቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ውሃውን ሲከፋፈሉ፣ ኢትዮጵያ አልተጠራችም። የበርሊኑ ልማድ እዚህም ደረሰ ማለት ነው። ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ወንዝ ጎጃምን ዞሮ ሲሄድ፣ የጎጃም ገበሬ ለብዙ ዘመን በኩራዝ አመሸ። በኢትዮጵያውያን ገንዘብ የተሠራው የሕዳሴ ግድብ የተመረቀው ገና በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 ቀን ነው።

ወገኖቻችን፤ ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ከእንግዲህ «ጣሊያን መንገድ ሠራልን» የሚል ሰው ሲገጥመን አንቆጣው። «መንገዱ ለማን ተሠራ? በላዩስ ምን ተጫነበት?» ብለን እንጠይቀው። ዛሬም ባዕድ መንገድ ልሥራ፣ ብድር ልስጥ፣ ውል እንፈራረም ሲል ጥያቄው ይኸው ነው። ይህን ለመጠየቅ ማንበብ ያስፈልጋል፤ መስማማትም ያስፈልጋል። እርስ በርሱ የተጣላ ሕዝብ የተጻፈለትን ውል ለማንበብ ፋታ የለውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አውሮፓውያን አፍሪካን የተቀራመቱባቸው ሦስት ምክንያቶች ምንድን ናቸው?
2. የውጫሌ ውል በሁለቱ ቋንቋዎች እንዴት ተለያየ?
3. በአካባቢያችሁ የጣሊያንን ዘመን ታሪክ ከወላጆቻቸው የሰሙ አዛውንት አሉን? የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጻፉ።