ከፍታና ጤና፦ ወደ ኮሌጅ ስለሚገባው ወጣት የተደረገ ንግግር



አንድ መሐንዲስ ሞተር ከቆላ ወደ ደጋ ሲያዛውር አስቀድሞ የአየሩን ስስነት ያሰላል። ነዳጅ በሚገባ የሚቃጠለው በቂ አየር ሲያገኝ ነውና፣ በወደብ አጠገብ ብርቱ የነበረው ሞተር ደጋ ሲወጣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ለሞተር የሚደረገው ይኽ ጥንቃቄ ግን በየዓመቱ ከወላጆቹ ተለይቶ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለሚገባው ወጣት ብዙ ጊዜ አይደረግለትም።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ሲጀምር ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። ዛሬ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ወደ አምስት ኪሎና ወደ ኮተቤ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ የሚመጡት ብዙ ሺሕ ናቸው። በግቢ ውስጥ ማደሪያ ያላገኘውም እንደ የካ ሚካኤል ባሉ ሰፈሮች ከደባሉ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል።

የካ ሚካኤል በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሰፈር ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የጋምቤላ ከተማ ከፍታ ግን 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚያ የመጣው ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገት ሲወጣ ቢያለከልክ፣ ራሱን ቢያመው ወይም ሌሊት እንቅልፉ ቢቆራረጥ ስንፍና ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም። ሰውነቱ ትንፋሹን በማፍጠንና ቀይ የደም ሕዋሳትን በማብዛት አዲሱን አየር ይለምዳል፤ ይኽም ሳምንታት ይጠይቃል። ስለዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የእንጦጦ ጫፍ ለመሮጥ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ከታች በእግሩ መራመድን ይልመድ።

ሁለተኛው ጉዳይ ውሃ ነው። ግፊቱ ባነሰበት ስፍራ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ዘግይተው የሚበስሉት በዚህ ምክንያት ነው። የሚጠጣውን ውሃ የሚያፈላ ተማሪም ውሃው መንተክተክ እንደ ጀመረ ማውረድ የለበትም፤ 3 ደቂቃ ያህል ሊያቆየው ይገባል።

ሦስተኛው ትኩሳት ነው። ወባ የቆላ በሽታ ናት ቢባልም ሰው በደሙ ይዟት ወደ ደጋ ሊወጣ ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነትም በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ስለሆነም ትኩሳት የያዘው ተማሪ ከየት እንደመጣና መቼ እንደመጣ ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይንገር። ይኽ አንድ ዐረፍተ ነገር ሕክምናውን ከስሕተት ሊያድን ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ግን ከሰል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሙቀት የለመደ ወጣት በብርድ ሲጨነቅ ማንደጃውን ወደ ክፍሉ ያስገባል፤ የበሩንም ቀዳዳ በጨርቅ ይወትፋል። ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱም አልቋል፤ ከእንግዲህ አይጎዳም ብሎ ይተኛል። ስሕተቱ ይኽ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሚታይ ጭስም ጋር አብሮ አያልቅም። በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። አየሩ ራሱ በሳሳበት ከፍታ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። በዐመድ የተዳፈነ ረመጥም ጋዙን ማውጣቱን አይተውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ ምልክቶቹ ስለሆኑ ብዙዎች ጉንፋን ወይም የምግብ መበላሸት ይመስላቸዋል። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ በዚያው ሊቀር ይችላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ማንደጃው ከመኝታ በፊት ከነፍሙ ይውጣ። ቡና ሲፈላም በርና መስኮት ይከፈት። ሁለት ደባሎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ውጭ ይውጡ፤ የደከመውንም ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። ለብርዱ ጋቢና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ከፍም ይሻላሉ።

ይኽ ሁሉ ግን በተማሪው ትከሻ ላይ ብቻ የሚጣል ሸክም አይደለም። ክፍል የሚያከራይ፣ ማደሪያ የሚነድፍ፣ ግድግዳ የሚያቆም ሁሉ ድርሻ አለው። በግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የሚተው የአየር መውጫ የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው። ማንደጃን ይዞ ለመተኛት ፈቃድ ባይሆንም፣ አንድ ሰው በዘነጋባት ሌሊት የሕይወት መትረፊያ ሊሆን ይችላል። ልጁን ስንቅ ቋጥራ የሸኘች እናት የክፍሉን ግድግዳ አታየውም፤ ያንን የማየት ኃላፊነት የባለሙያው ነው።