የደን ትንፋሽ እንዴት ይለካል?



ደን ይተነፍሳል ስንል በምሳሌ አይደለም፤ ትንፋሹ ይለካል። በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ በሚገኘው የሃርቫርድ ደን ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ በቆመ ማማ ላይ ያሉ መሣሪያዎች የነፋሱን መውጣትና መውረድ፥ አብሮትም የሚጓዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን በየሰከንዱ ደጋግመው ይመዘግባሉ። የሚወርደው አየር ከሚወጣው ይልቅ ካርቦን ከበዛበት ልዩነቱን ደኑ አስቀርቶታል ማለት ነው። (ሌሊት ነፋስ ጸጥ ሲል መሣሪያው የደኑን ትንፋሽ አሳንሶ ያያል፤ ይህን ሳያርም የሚደምር ሰው ደኑን ያለ አግባብ ያመሰግናል።)

ማማዎቹ የበዙት በአሜሪካና በአውሮፓ ነው፤ በአፍሪካ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የእኛን ደን የሚገምተው ስሌት በአብዛኛው የተፈተነው በባዕድ ዛፍ ነው። ካርቦን በሚሸጥበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአገራችን ማማ ሲተከል ገመድ ጎታች ብቻ ሳይሆን ስሌቱንም ሠሪዎች እንድንሆን የፊዚክስና የእርሻ ትምህርት ክፍሎችን እንጠይቃለን።