ጥላዬ የት ገባ?



ዛሬ የምንነጋገረው ገንዘብ ስለማይከፈልበት የሳይንስ ትምህርት ነው። መሣሪያው አንድ ዘንግ፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። አስተማሪዋ ፀሐይ ናት።

በመጀመሪያ አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። አንድ ዓመት፣ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ልጆች ለምሳ ሲወጡ አንድ ትንሽ ልጅ መሬት መሬቱን እያየ፦ «እትዬ፣ ጥላዬ የት ገባ?» አለኝ። መልሱን አላወቅሁትም። «አላውቅም» ማለት አፈርኩና «ዝም ብለህ ሂድ» አልኩት። ልጁ ዝም አለ። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ፊደል የለየሁት ገና ትናንት ነው» ትሉ ይሆናል። ግድ የለም። «አላውቅም፤ ና አብረን እንየው» ማለት ነውር አይደለም። ሳይንስ የሚጀመረው ከዚሁ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ደልዳላ ስፍራ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ዘንግ ትከሉ። ግንበኛ በቱንቢ እንደሚያደርገው፣ ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ አንጠልጥሉና ዘንጉ አለመጋደሉን እዩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በየሰዓቱ የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አስቀምጡ። ልጁ ጥላውን በክር ወይም በስንዝር ይለካ። እናንተ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ልኩን በደብተር ጻፉ። የተማራችሁት ጽሕፈት እዚህ ላይ ሥራ ያገኛል።

ፀሐይን ግን በቀጥታ አትዩ። ልጆችም እንዳያዩ ጠብቁ፤ ዓይን ትጎዳለች። የምንመለከተው ጥላውን ብቻ ነው።

ጥላው ጠዋት ረጅም ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ያጥራል፤ ከቀትር በኋላ እንደገና ይረዝማል። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን ልክ በላይ ትሆናለች። ስድስት ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጥላ አይኖረውም። ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያው ቀን ሚያዝያ 12 ገደማ ነው። የዚያ ልጅ ጥላ የገባው እግሩ ሥር ነበር!

በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ይወድቃል። ምክንያቱ ምድር ጋደል ብላ ፀሐይን መዞሯ ነው። ወር በወር ከለካችሁ ይህን በገዛ ደብተራችሁ ታገኙታላችሁ።

ነገሩን አትናቁት። ከ2,200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ ኤራቶስቴንስ የሚባል ሊቅ ነበረ። በሰኔ ወር በአንድ ቀን፣ በአስዋን የቀትር ጥላ እንደማይኖር ሰማ። በዚያው ቀን በእስክንድርያ ግን ጥላ ነበረ። በዚህ ልዩነት የምድርን ዙሪያ አሰላ። ዛሬ ዙሪያዋ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን እናውቃለን። እርሱም የጀመረው ከጥላ ነው።

ልጃችሁ ከዚህ በላይ ከጠየቀ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ አስተማሪው ሂዱ። እኔም አሁን በክፍሌ ደጃፍ ዘንግ ተክያለሁ። የሚጠይቀኝን ልጅ «ና እንለካው» እለዋለሁ።

ደኅና ሁኑ።